በሳጥኑ ክዳን ውስጥ የቀረው ደብዳቤ

አራት ዓመት ሙሉ የወደደኝ ሰው በእናቱ ፊት አንድ ቀን እንኳ ቀና ብሎ አይቶኝ አያውቅም። በደብዳቤ ግን የሚያህለው የለም። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ በክትባት ሳጥኔ ክዳን ውስጥ፣ ትርፍ መርፌ በማስቀምጥባት ኪስ ይሸጉጠዋል። ሳጥኑን ስከፍት ከበረዶው ቀድሞ የሚታየኝ እሱ ነው። ሞኟ እኔ አራት ዓመት በዚያች ኪስ ስደሰት ኖሬያለሁ።

ያን ሐሙስ ጠዋት ግን ወደ ፈረስ ግቢው የገባሁት ጥርሴን ነክሼ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። አባቴ በዚያ ግቢ ሠላሳ ዓመት ያገለገለ ባልደራስ ነው፤ ፈረስ ያበላል፣ ያጥባል፣ ይገራል። የተወለድኩት ከድርቆሽ ማከማቻው ጎን ባለችው አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ደብዳቤ ጸሐፊዬ የተወለደው እላይ፣ መስኮቱ ግቢውን ሁሉ በሚያሳየው ቤት ነው። የግቢው ባለቤት እናቱ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ያስተዳድሩታል። ዲግሪዬን ይዤም ቢሆን እኔ እስከ ዛሬ «እትዬ» ነው የምላቸው። ሠራተኞቹ ልጃቸውን «ጭምቱ» ይሉታል፤ ድምፁ ከጉሮሮው አልፎ ስለማይሰማ። እኔን አባቴ «እሳቴ» ይለኛል። ምክንያቱን መናገር የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

ከሦስት ሳምንት በፊት እትዬ ለእንግዶቻቸው ምሳ አሰናዱ። እሱ «የዚያን ቀን ስላንቺ ለእማዬ እነግራታለሁ፤ አንቺ ብቻ ነይ» ብሎ ጻፈልኝ። ሄድኩ። አባቴ ጫማዬን ራሱ ጠረገልኝ። እትዬ ክንዴን ይዘው ወደ እንግዶቹ አዞሩኝና «ይቺ የባልደራሳችን ልጅ ናት፤ ፈረሶቻችንን የምትወጋልን» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ወደ እሱ ዞርኩ። እሱ ወደ ብርጭቆው ዞረ። ብርጭቆው ውስጥ ምን እንዳየ እስከ ዛሬ አልነገረኝም።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ደብዳቤ ሸጉጧል። አንዱንም አልከፈትኩም። አልጣልኳቸውምም፤ ይኼ ደግሞ በራሴ ላይ ይበልጥ አናደደኝ። ያን ሐሙስ ኮርቻ ቤት ገብቼ፣ ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ አኑሬ፣ እጄን ታጥቤ ስመለስ አራተኛው ተጨምሯል። እንደ ሌሎቹ ጠርዝ ከጠርዝ ተገጣጥሞ አልታጠፈም፤ በጥድፊያ የተጨማደደ ነበር። ልብ አላልኩትም። ወደ ኋላ ገፋሁትና መርፌ ደረብኩበት። «ጻፍ» አልኩ በሆዴ፤ «ጽፈህ ሙት።»

እንዲያም ብዬ ሆዴ አልበረደም።

*

በዚያ ግቢ ክትባት በሰልፍ ነው። ዘጠኙም ፈረሶች ከጋጣ ወጥተው በግድግዳው ጥላ ይደረደራሉ። አባቴ ልጓም ይይዛል፤ እኔ አንገታቸውን ዳብሼ፣ ጡንቻውን አግኝቼ እወጋለሁ። የዚያን ቀን የጉንፋንና የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ነበር።

መርፌ ከማንሳቴ በፊት ሁልጊዜ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ። ፈረስ ያመመውን አይናገርም፤ ባለቤቱ ይናገርለታል ተብሎ ነው።

«ባለፈው ክትባት ጊዜ ያበጠ፣ ያተኮሰው፣ ቆዳው ላይ ሽፍታ የወጣበት፣ ትንፋሽ ያጠረው አለ?»

«የእኛ ፈረሶች እንደ ሰው አይቀብጡም» አሉ እትዬ ጃንጥላቸውን ከትከሻ ወደ ትከሻ እያዛወሩ። «ካርዳቸው ያውልሽ። በቶሎ ጨርሺ፤ በዘጠኝ ሰዓት ዳማዋን ሊያይ የሚመጣ ሰው አለ።»

ዳማዋ ባዝራ፣ ቀይ ቡናማዋ ሴት ፈረስ፣ የግቢው ዓይን ናት። ጭምቱ ራሱ ከከተማ ውጭ ባለው ሌላኛው ግቢያቸው ሁለት ዓመት ገርቷት፣ ወደዚህ ከመጣች ገና ሁለት ወሯ ነው። ስለዚህ ያለፈው ዓመት ክትባቷን አባቴም አላየም፣ እኔም አላየሁም። ካርዷን አነሳሁ። የሌሎቹ ካርድ ላብና ሻይ የጠጣ፣ ጥጉ የተበላ ነው። የእሷ ነጭ ነው፤ ከማተሚያ ቤት ዛሬ የወጣ ይመስላል። ነጭነቱን አየሁ። ለምን ነጣ ብዬ ግን አልጠየቅሁም። ይኼን ለማንም አላሳብብም፤ የእኔ ነው።

ያልጠየቅሁትም እሱን ስላየሁ ነው። ከእናቱ ጀርባ ቆሟል። ከንፈሩ ተላቀቀና መልሶ ገጠመ። እኔን አየኝ፣ የሳጥኑን ክዳን አየ፣ እንደገና እኔን አየኝ። ፊቱ ላይ ልመና አለ። «አነበብሽው?» ማለቱ ነው አልኩ። እናቱ ፊት አፉን ተለጉሞ እኔ በዓይኔ የፍቅር መልስ እንድሰጠው! ደሜ እስከ ጆሮዬ ወጣ። ጀርባዬን ሰጠሁትና የዳማዋን አንገት ዳብሼ ወጋሁ። ዘጠነኛዋና የመጨረሻዋ እሷ ነበረች።

አሁን ስለ አንድ ደንብ ልናገር። ከክትባት በኋላ ሐኪም ግማሽ ሰዓት ከፈረሱ አይለይም። ክፉው ነገር ከመጣ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ያኔ ነው። በኮርቻ ቤቱ በር ላይ በቀለም የጻፍኩት እኔ ነኝ፦ «ከክትባት በኋላ ግማሽ ሰዓት ማንም አይሂድ»። አባቴን «የወጋቸው ሐኪም ራሱ ቢሮጥ እንኳ አንተ ያዘው» ብዬ እቀልድበት ነበር።

የዚያን ቀን የሮጥኩት እኔ ነኝ። ጭምቱ እትዬ ፊታቸውን እስኪያዞሩ ጠብቆ በጥላው ሥር ወደ እኔ ሲመጣ አየሁትና ሳጥኔን ዘጋሁ። «አባዬ፣ አንተ እያቸው» አልኩ። ሳጥኑን በመሥሪያ ቤቴ ሞተር ብስክሌት ኋላ አስሬ ወጣሁ። ሰዓቴን አይቼ ነበር፤ ዳማዋን ከወጋሁ ስድስት ደቂቃ። በመስታወቱ ስመለከት በግቢው መሃል እጁን አንስቶ ቆሟል። እጁን አንስቶ፤ ድምፁን ግን አላነሳም።

በዚያ እጅ የተናደድኩትን ያህል በማንም ተናድጄ አላውቅም።

*

ነዳጅ ማደያው ጋ ስደርስ ስልኬ ጮኸ። አባቴ ነው። አባቴ በሥራ ሰዓት ስልክ አይደውልም።

«እሳቴ» አለ ዝግ ብሎ። «ዳማዋ ደስ አላለችኝም።»

አባቴ አንድ ፈረስ ደስ አላለኝም ካለ ጉዳዩ የጭንቅ ነው።

«ምኗን?»

«ላብ በላብ ሆናለች። አንገቷና ሆዷ ላይ መዳፍ መዳፍ የሚያህል እብጠት ወጣባት። ከንፈሯ ተነፋ። ትንፋሿም ያፏጫል።»

«ጥላ ውስጥ ትቁም፣ አትጎትቷት፣ አንገቷን ልቀቁላት፣ ማንም አጠገቧ አይጩህ። መጣሁ።»

እንዴት እንደ ደረስኩ አላስታውስም። የማስታውሰው የጋጣውን በር ነው። ዳማዋ አራት እግሯን አንፈራጥጣ፣ አንገቷን ዘርግታ ቆማለች። የዓይኗ ቆብ አብጦ ዓይኗን ሊሸፍነው ደርሷል። ጭምቱ ሸሚዙ በላቧ ርሶ አገጯን በሁለት መዳፉ ደግፏል። እየሳበች የምታስገባው አየር በጠባብ ቀዳዳ እንደሚያልፍ ነፋስ ይጮሃል።

ሳጥኑን ከፍቼ ረጅሙን መርፌ ከክዳኑ ኪስ ስመዝ አራቱም ደብዳቤ ገለባው ላይ ተዘረገፉ። አያቸው። እሱ እንዳጠፋቸው ናቸው።

«አላነበብሽውም» አለ።

«አሁን ነው የደብዳቤ ወሬ? አንገቷን ቀጥ አድርገህ ያዝ።»

«ያለፈው ዓመትም እንዲህ ሆና ነበር።» ለባዝራዋ ጆሮ የሚያንሾካሹክ ይመስል ነበር። «ከዚህ ቢያንስም እንዲህ ነበረች። ጽፌልሻለሁ።»

በሲሪንጅ የሳብኩትን ትንፋሽ የሚከፍት አድሬናሊን ይዤ እጄ ባለበት ቀረ። አንድ ትንፋሽ ያህል ብቻ። ያ አንድ ትንፋሽ ግን ከአራት ዓመት ይበልጣል። ከዚያ በሌላኛው በኩል፣ ጤነኛው ጡንቻ ላይ ወጋኋት።

«ከዚህ በኋላ ድምፅህን አልሰማ» አልኩት።

አልሰማሁም፤ ለዚህ ጎበዝ ነው።

አባቴ በጣቱ ጎኗን እየነካ ትንፋሽ ይቆጥራል። ልቧን አዳምጣለሁ፤ ይጋልባል፣ መድኃኒቱም ያስጋልበዋል። አምስት ደቂቃ ሄደ። ፉጨቱ አልቀነሰም። የኋላ ጉልበቷ ከዳትና ግድግዳው ላይ ተደገፈች። አባቴ «እሳቴ» አለ። ጉሮሮዋን ከፍቼ ቱቦ ላስገባላት ምላጬን አወጣሁ። በሕይወቴ በሙት ፈረስ ላይ እንጂ በሕያው ላይ አድርጌው አላውቅም። ሁለተኛውን አድሬናሊን ደገምኩ፤ እብጠቱን የሚያወርደውን መድኃኒት በደም ሥሯ ሰጠሁ። ከዚያ የቀረ ነገር አልነበረም። ምላጬን ይዤ ቆምኩ።

ስንት ደቂቃ እንደሆነ እንጃ። ፉጨቱ ወፈረ። ቀጥሎ ሰለለ። ቀጥሎ ተራ ትንፋሽ ሆነ። ዳማዋ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ግንባሯን በጭምቱ ደረት ላይ አሳረፈችና ቆዳዋ ሁሉ ተንቀጠቀጠ። አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ በእጅጌው ጠረገ።

እኔ አላለቀስኩም። ምላጩን በንዴት ማኅደሩ ውስጥ ወተፍኩት።

*

እትዬ የመጡት ያኔ ነው። ዳማዋን አዩ፣ ገለባው ላይ የተጣለውን ባዶ ብልቃጥ አዩ፣ እኔን አዩ።

«ምን ወጋሻት?»

«ዘጠኙንም የወጋሁትን ነው፣ እትዬ።»

«ስምንቱ ደህና ናቸው። የተበላሸ መድኃኒት ነው የወጋሻት። ሳጥንሽን ፀሐይ ላይ አውለሽው ይሆናል፤ ልብሽ ሌላ ቦታ ነው የሚውለው፣ የማላውቅ መሰለሽ?» ድምፃቸው ረጋ ያለ ነበር፤ ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። «ዛሬውኑ ለመሥሪያ ቤትሽ እጽፋለሁ። ደግሞ የባልደራስ ልጅ ናት ብዬ አላልፍም። ሐኪም ነኝ ያልሽው አንቺ ነሽ።»

በእኛ መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ ክስ የቀረበበት ሐኪም መርፌውን አስረክቦ መዝገብ ቤት ይገባል። ከዚያ የተመለሰ አላየሁም። አባቴ ይኼን ያውቃል። ፊቱ አመድ መሰለ።

እኔ ወደ ጭምቱ ዞርኩ። መቼም የለመደብኝ አይተወኝም። እሱ የዳማዋን ጋማ ያያል።

ጎንበስ ብዬ ከገለባው ላይ ያንን የተጨማደደውን አነሳሁና በሁሉም ፊት ከፈትኩት። እንዲህ ይላል፦

«ዛሬ ስለ እኔና ስላንቺ አይደለም። እባክሽ አንብቢው። ዳማዋን ባለፈው ዓመት ካስከተብናት በኋላ በሃያ ደቂቃ ከንፈሯ አብጦ ትንፋሽ አጥሯት ነበር። ያኔ የነበረው ሐኪም ‹ይኼንን ክትባት እንዳትደግሙላት፤ ከተደገመም በሌላ ዓይነት፣ ለብቻው፣ መድኃኒት በእጅ ተይዞ› ብሎ ካርዷ ላይ ጽፎ ነበር። እማዬ ካርዱን ቀይራዋለች፤ የሚገዛት ሰው እንዳያይ። በእሷ ፊት ልነግርሽ አልቻልኩም። አትውጊያት።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ንዴት እንደዚያ ግልጽ ሆኖልኝ አያውቅም። የአንዲት ነፍስ ጉዳይ በወረቀት ኪስ ተሸጉጦልኛል። እኔም ኩራቴን ደርቤበት ዘግቼዋለሁ። ዓይኑ ወደ ክዳኑ ሲመላለስ የነበረው ስለ እኔ አልነበረም። ግን «አትውጊያት» ማለት ስንት ቃል ነው? አንድ። አራት እርምጃ ርቀት ላይ ቆሞ አንድ ቃል አቃተው።

ጮክ ብዬ ባነብበው ነፃ እወጣለሁ። እትዬም ያውቁታል፤ የጃንጥላቸው ጫፍ መሬቱን መቆርቆር ጀምሯል። አባቴ በዓይኑ «አንብቢው» ይለኛል።

ወረቀቱን ለእሱ ዘረጋሁለት።

«የጻፍከው አንተ ነህ» አልኩት። «እኔ አላነብልህም። አራት ዓመት አንብቤልሃለሁ፣ ደከመኝ። ዝም አይነቅዝም ትለኝ ነበር። ይኸው ነቀዘ፤ ፈረስ ሊገድል ደረሰ። ከፈለግህ አንተው አንብበው። ካልፈለግህ ዛሬ መርፌዬን አስረክባለሁ፣ ከዚህ ግቢም እወጣለሁ፤ ስሜን ግን በወረቀትህ ላይ ሁለተኛ እንዳትጽፈው።»

ተቀበለኝ። አየው። አራት ቦታ አጠፈው፤ በዚያች ሰዓት እንኳ ጠርዙን ከጠርዙ አገጣጥሞ። ከዚያ ኪሱ ከተተው።

አለቀ አልኩ። ሆዴ ውስጥ የነበረው እሳት እንኳ ጠፋና ቀዘቀዝኩ። ሳጥኔን ልዘጋ ጎንበስ አልኩ።

«እማዬ።»

የማንን ድምፅ እንደሰማሁ ለመለየት ቀና ማለት ነበረብኝ።

«እማዬ፣ መድኃኒቱ አልተበላሸም። ካርዱን የቀየርሽው አንቺ ነሽ። አሮጌውን ምድጃ ውስጥ ስትከቺው አይቻለሁ። ዛሬም ስትጠይቅሽ የለም ስትዪ አጠገብሽ ቆሜ ነበር። አንቺ ዋሸሽ፣ እኔ ዝም አልኩ። እሷ ጥፋት የለባትም።»

ጋጣው ሁሉ ጆሮ ሆነ። ከአጥሩ ማዶ ሁለት ሠራተኞች አካፋቸውን አቁመዋል።

«ለባልደራስ ልጅ ብለህ ነው እናትህን በሠራተኛ ፊት የምታዋርደኝ?» አሉ እትዬ።

«ለዳማዋ ብዬ ነው» አለ። ድምፁ ተሰነጠቀ፤ አላቆመም። «ለእሷም ብዬ ነው። እወዳታለሁ። አራት ዓመቴ ነው። በዚያ ምሳ ቀን ልነግርሽ ነበር፤ ፈራሁ። አሁንም እፈራሻለሁ።»

አራት ዓመት የጠበቅሁት ቃል ነው። በሕልሜ የሰማሁት በአበባ መሃል ነበር፤ የመጣልኝ በፈረስ ላብና በገለባ መሃል፣ ሁለት ባዶ ብልቃጥ እግሬ ሥር ወድቆ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን በጥፊ ብለው የሚወጣልኝ መሰለኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ።

እትዬ ጋጣው ጥግ ወዳለው በርሜል ዞረው ተቀመጡበት። ለመጀመሪያ ጊዜ አሮጊት መሰሉኝ። «አንድ ቀን ያበጠች ፈረስ ዕድሜዋን ሙሉ በሽተኛ ትባላለች» አሉ መሬት መሬቱን እያዩ። «ያልተከተበች ደግሞ ውድድር አያስገቧትም። አባትህ ትቶልኝ የሄደው ይኼን ግቢ ነው። እኔ ምን ላድርግ?»

መልስ የሰጣቸው አባቴ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ «እሺ እትዬ» ሲል እንጂ ሌላ ሲል ሰምቼው አላውቅም።

«እትዬ፣ በድፍረት አይዩብኝና» አለ፤ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረና ዓይኑን ዓይኔ ላይ ተከለ። «አንቺስ፣ እሳቴ?» አለ። «ግማሽ ሰዓት ማንም አይሂድ ያለን ማን ነበር?»

ያቺ ጥያቄ ከእትዬ ክስ በላይ አመመችኝ። ምክንያቱም አባቴ አይከሰኝም፤ ሲጠይቀኝ ብቻ ነው የሚያሳፍረኝ።

*

ከሳጥኔ ባዶ ካርድ አወጣሁ። ክዳኑን ጠረጴዛ አድርጌ፣ እትዬ እያዩኝ፣ በእስክሪብቶ ጻፍኩ። የክትባቱን ስም ጻፍኩ። የመጣውን እብጠት፣ የትንፋሹን ፉጨት፣ ሁለቴ የተሰጠውን አድሬናሊን ጻፍኩ። «ይህ ክትባት አይደገምላት» ብዬ ከሥሩ አሰመርኩ። ቀጥሎ «ሐኪሟ ከስድስት ደቂቃ በኋላ ግቢውን ለቅቃ ሄዳ ነበር» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።

«ይኼን ለራስሽ ለምን ትጽፊያለሽ?» አለ ጭምቱ።

«ካርድ ስለማልቀይር።»

አንገቱን ደፋ። እትዬ ካርዱን ወሰዱ፣ እስከ መጨረሻው አነበቡ፤ የመጨረሻዋ መስመር ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው አዩኝ። ጃንጥላቸውን ይዘው ወደ ላይኛው ቤት ሄዱ። ለመሥሪያ ቤቴ ይጻፉ አይጻፉ ያን ጊዜ አላወቅሁም፤ ካርዱን ግን አልቀደዱትም። ከመሄዳቸው በፊት በዳማዋ በር ላይ፣ በነጩ ካርድ ቦታ፣ ራሳቸው ሰኩት።

የቀረው ጊዜ ሥራ ነው። ከእንዲህ ያለው ነገር የተረፈ ፈረስ ተመልሶ ሊያገረሽበት ስለሚችል ብቻውን አይተውም። አባቴ የተወጋችበትን አንገቷን በቀዝቃዛ ጨርቅ ያዘላት። ዝቅ ስትል እንዳያማት ባልዲዋንና ድርቆሿን በደረቷ ልክ ሰቀልኩላት። በየሩብ ሰዓቱ ልቧን አዳምጣለሁ። እብጠቱ ከሆዷ ቀድሞ ጠፋ፤ ከዓይኗ ቆብ ዘገየ። ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ሲል መጠጣት ጀመረች፤ ውኃው ከሚያመው ከንፈሯ ጎን እየፈሰሰ።

በር ላይ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። ገዢው መጣ። ጭምቱ ከካርዱ ፊት ትንሽ ቆሞ ነቀለውና ወደ በሩ ሄደ። አጥሩ ጋ ሆኜ አየሁት። ለሰውዬው ካርዱን ሰጠው፤ በጣቱ መስመሮቹን እያሳየ ተናገረ፤ እስከ እኔ ድረስ የሚሰማ ነበር። ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ፣ መኪናውን አዞረ። ጭምቱ አቧራው እስኪሰክን ቆመ። ተመልሶ ካርዱን ቦታው ላይ ሰካውና ከእኔ ሁለት ክንድ ርቆ ድርቆሽ እስር ላይ ተቀመጠ። አላየኝም። አልተጠጋኝም። ጎሽ፣ እንኳን አልተጠጋኝ።

«ተቆጥተሻል» አለ።

«ተቆጥቻለሁ።»

«እስከ መቼ?»

«እኔንጃ። አራት ዓመት ነው የተጠራቀመው።»

አባቴ ከዳማዋ ማዶ ጎንበስ ብሎ ጀርባዋን ይቦርሻል፤ እንደማይሰማ ሰው።

ገለባ የያዛቸውን ሦስቱን ደብዳቤዎች አነሳሁ፤ አራገፍኳቸው። ያልተከፈቱትን። ወደ ኪሴ ልከታቸው እጄ ቃጣው፤ ተውኩትና ጉልበቱ ላይ አኖርኳቸው።

«እነዚህን አላነብም» አልኩት። «በአፍህ ንገረኝ።»

«ከየትኛው ልጀምር?»

«ከመጀመሪያው። ጮክ ብለህ፤ አባቴም ይስማ።»

የአባቴ ቡሩሽ ቆመ።

ጭምቱ የመጀመሪያውን ከፈተ፤ አየውና መልሶ አጠፈው። ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ወረቀቱን ሳያይ፣ ዓይኔን እያየ፣ ስሜን ጠርቶ ጀመረ። ዳማዋ ጆሮዋን ወደ ድምፁ አዞረች። ድምፁ ወፍራምና የሚያምር ነበር፤ ጣራው ሥር ደርሶ ይመለሳል። እኔም እያዳመጥኩ፣ እንባዬ እየወረደ፣ እንደገና ከሥር ከመሠረቱ ተናደድኩ። ይኼን ሁሉ ዓመት ይኼን ድምፅ የት ደብቆብኝ ኖሯል?